5 ዓመት ለሞላት ልጅ የሱፐርሂሮ ቤተሰብ ፊልም ማሳየት እንዴት ነው?

እናት በሥራ ላይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 5። ወንዱ «ዘ ኢንክሬዲብልስ» የሚባለውን፣ ሱፐርሂሮ የሆኑ እናት፣ አባትና ልጆች ያሉበትን ካርቱን ካላየሁ ብሎ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ጓደኞቹ በሙሉ አይተውታል፣ ጨዋታቸውም እሱው ሆኗል፤ የኔው ብቻ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እሱን ልፍቀድለት ብል ትንሿ አለች። ወንድሟ የሚያየውን እሷ ካላየች ቤቱ አይበቃንም።

አሜሪካኖቹ ለፊልሙ ፒጂ የሚል ደረጃ ሰጥተውታል። አንዳንዱ ነገር ለልጆች ላይሆን ስለሚችል ወላጅ ይወስን ማለት ነው። እሺ፣ ልወስን፤ ግን የትኛው ነገር? ለስንት ዓመት ልጅ? እሱን የሚነግረኝ አጣሁ።

ስለ ልጄ ትንሽ ልንገራችሁ። ጭራቅ አያስፈራትም። ጥርሱ የሾለ ዓይኑ የቀላ ነገር ስታይ ትስቃለች፣ አጓራሩን ታስመስላለች። እናቱ የጠፋችበት ግልገል ካየች ግን አለቀ። ብርድ ልብስ ውስጥ ትገባና «መጣች? መጣች?» እያለች ከውስጥ ሆና ትጠይቀኛለች። ሌሊት ደግሞ ተነስታ ትመጣና በጨለማ ፊቴን ትዳስሳለች፣ እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ።

እህቴ «ካርቱን እኮ ነው፣ ምን ታካብጃለሽ» ትለኛለች። ባለቤቴ ፊልም ሲጀመር የሚተኛ ሰው ስለሆነ አስተያየቱን አልጠየቅኩም። ያያችሁት ካላችሁ በዝርዝር ንገሩኝ። መጨረሻውን ብታወሩብኝም ቅር አይለኝም፣ እንዲያውም እሱን ነው የምፈልገው።

ጆሊ፦

ምንም የለውም እቴ፣ አሳዪያት። ደም አይፈስ፣ ራቁቱን የሚሄድ ሰው የለ። እኛ በልጅነታችን ስንቱን ጉድ አይተን አድገን የለ እንዴ?

አባ ሪሞት፦

ጆሊ ደም የለውም ያልከው ልክ ነህ። እህታችን የጠየቀችው ግን ስለ ደም አይደለም።

ሦስት ልጆች አሉኝ፤ በቤታችን የፊልም ጉዳይ ወደ እኔ ነው የሚመራው፣ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ፊልም ደግሞ በግድም በውድም ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ደረጃው ላይ ብዙ አትመኪ። የአሜሪካው የፊልም ደረጃ አሰጣጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ፒጂ 13 የሚባለው፣ ማለትም ከ13 ዓመት በታች ላሉት ወላጅ በጣም ይጠንቀቅ የሚለው ደረጃ፣ የተጨመረው በ1984 ሲሆን፣ ምክንያቱም ፒጂ ተብለው የወጡ አንዳንድ ፊልሞች ለትንንሽ ልጆች ከበዱ የሚል የወላጅ ቅሬታ መብዛቱ ነው። ያኔም ቢሆን ፒጂ በጣም ሰፊ ነበር ማለት ነው፣ አሁንም ሰፊ ነው። ይሄው የ2004 ፊልም እንግሊዝ ሲሻገር «ዩ» ነው የተባለው፤ በእነሱ ቤት ከ4 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው ይሆናል ማለት ነው። ፊልሙ አንድ፣ ልጆቹ እንደዚያው ልጆች፣ አንዱ አገር ይጠንቀቁ ሲል ሌላው ግቡ አለ። ሁለቱም የሚመዝኑት ስክሪኑ ላይ ያለውን ነው። ማታ ፊትሽን የምትዳስሰውን ልጅ ማንም አላያትም።

አሁን ወደ ፊልሙ። የሚያሳስበኝን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ገና ሲጀመር አንድ ሰው ከፎቅ ላይ ይዘላል። ራሱን ሊያጠፋ ነው። ጀግናው፣ ማለትም የቤተሰቡ አባት፣ አየር ላይ ይቀልበዋል፣ ሰውየው ግን ማን አድነኝ አለህ ብሎ ይከሰዋል። ቀልድ ተደርጎ ነው የሚያልፈው። ትንሿ አይገባትም፣ ሰው ወድቆ ዳነ ብላ ታልፈዋለች። የ9 ዓመቱ ግን ሊጠይቅሽ ይችላል።

ከዚያ ባልና ሚስት በሌሊት ይጣላሉ። አባትየው አምሽቶ ሲገባ እናትየው ጠብቃ ትይዘዋለች፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ልጆቹ ተደብቀው ሲሰሙ ይገኛሉ። እኔ ቤት ፊልሙ ውስጥ ከሚዋጉት ሮቦት ይልቅ ጸጥታ ያሰፈነው ይሄ ነው። መካከለኛዋ ልጄ ፊልሙን ትታ እኔንና እናቷን ተራ በተራ ታይ ጀመር። በኋላም አባትየው ከሥራ ተባሮ ለሚስቱ ይዋሻል፤ እሷም ሌላ ሴት ይዟል ብላ ትጠረጥራለች። ልጆች ይሄን ብዙም አይከታተሉትም፣ የእናትየዋን ማልቀስ ግን ያያሉ።

ዋናው ግን አውሮፕላኑ ነው። እናትየው አውሮፕላን ስታበር ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ተደብቀው ገብተዋል። ሚሳይል ይተኮስባቸዋል። እናትየው በሬዲዮ ልጆች አሉ፣ ተዉ እያለች ትለምናለች። ሴት ልጇን በኃይልሽ ጋርጂን ትላታለች፣ ልጅቷ ፈርታ ያቅታታል። አውሮፕላኑ ይፈነዳል። አባትየው ታስሮ ይህን ሁሉ በድምፅ ይሰማና ቤተሰቤ አለቀ ብሎ ያምናል። አዎ፣ ይተርፋሉ፤ እናትየው ሰውነቷ እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጥ እንደ ጃንጥላ ተዘርግታ ልጆቿን ይዛ ባሕር ላይ ትወርዳለች። ግን እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ ላንቺ ልጅ ረጅም ነው።

ቀጥሎ ዋሻ ውስጥ እናትየው ልጆቿን አስቀምጣ፣ እነዚህ ሰዎች በቴሌቪዥን እንደምታዩዋቸው ክፉዎች አይደሉም፣ ልጅ ናችሁ ብለው አይምሯችሁም ትላቸዋለች። ለኔ ከፊልሙ ሁሉ ምርጡ ንግግር ነው፤ ፊልም ሠሪው ብራድ በርድ አደጋውን አደጋ ሊያደርገው ፈልጓል። የ9 ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። የ5 ዓመት ልጅ ግን ንግግሩን በቀጥታ ለእሷ የተነገረ አድርጋ ልትወስደው ትችላለች።

መጨረሻ ላይ ክፉው ሰው ሕፃኑን ከቤት ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣል። ሕፃኑ ይለቀቅና ይወድቃል፣ እናቱ ትቀልበዋለች። ክፉው በገዛ ካባው ተጎትቶ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ይገባል። መሞቱ አይታይም፣ ግን ሰው ይረዳዋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው አንድ ነገር ልብ እንድትይ ነው። ብቻውን የሚዋጋ ሱፐርሂሮ ሲመታ ልጅ ይጮሃል፣ ያጨበጭባል። ሱፐርሂሮው እናትና አባት ሲሆኑ ግን የሚመታው ቤቱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፊልም ስመዝን ስንት ቡጢ አለ ብዬ አልቆጥርም። ወላጅ የሚጠፋበት፣ የሚያለቅስበት፣ የሚለወጥበት ቦታ አለ ወይ? ስንት ጊዜ ይቆያል? ልጆቹ ያኔ ከማን ጋር ናቸው? እነዚህን ነው የማየው።

ጆአን ካንተር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ልጆች በፊልም ስለሚፈሩት ነገር ብዙ አጥንታለች። ትንንሾቹን በአብዛኛው የሚያስፈራቸው መልክ ነው። ለምሳሌ በድሮው የኸልክ ተከታታይ ፊልም ሰውየው ወደ አረንጓዴ ግዙፍ ሲለወጥ፣ ጥሩ ሰው መሆኑን ሳያስተውሉ መለወጡ ብቻ ያስደነግጣቸዋል። ከፍ ያሉት ደግሞ በእውን ሊደርስ የሚችለውን ይፈራሉ። ያንቺዋ ጭራቁን ንቃ መለየቱን መፍራቷ ከዕድሜዋ ቀደም ያለች ያስመስላታል፤ ግን ከእናት መለየት ትንሹንም ትልቁንም ይነካል።

የኔ ፍርድ፦ ወንዱ ይየው፣ ምንም አይልም። ሴቷ ትቆይ።

ቲቸር፦

መዋዕለ ሕፃናት ነው የማስተምረው። እኔ ስለ ፍርሃቱ ሳይሆን ስለ ማግስቱ ልናገር። ሱፐርሂሮ ፊልም የታየ ሰሞን ክፍሌ ውስጥ ሁሉም ፎጣ አንገቱ ላይ አስሮ ነው የሚመጣው። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ «ያዙኝ፣ ልበር ነው» ብሎኛል። ልበር ማለቱን ትቼ አንገቱ ላይ ያለውን ቋጠሮ ነው የፈታሁት፤ ፎጣው የወንበር ጆሮ ቢይዝ ሊያንቀው ይችል ነበር።

የሚገርመው ፊልሙ ራሱ ካባ አደገኛ ነው ይላል። ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ በካባቸው የሞቱ ጀግኖችን እየጠራች ስትቆጣ ያ ሁሉ ቀልድ ነው፣ ግን ልክ ናት። ልጆች ግን የሚይዙት ካባውን ነው፣ ምክሯን አይደለም። ስለዚህ የምታሳዩ ሰዎች ካያችሁ በኋላ ያንን ቦታ አንሱላቸው፤ ቤት ውስጥ ካባ ካልቀረም በገመድ ሳይሆን በቀላሉ በሚላቀቅ ነገር ትከሻ ላይ ይያያዝ።

ለጆሊ ደግሞ፦ እኛ አይተን አድገናል ስንል ማን ማን ሌሊት እንዳልተኛ ማን ቆጠረ?

እንቅልፍ አልባ፦

ስለ ሁለተኛው ክፍል ማንም ስላላነሳ ነው የገባሁት፤ ልጅሽ አንዱን ካየ ሌላውን መጠየቁ አይቀርም። የኔ ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት፣ በብልጭታ የሚነሳበት ዓይነት።

የ2018ቱ ፊልም ውስጥ ሰዎችን በስክሪን የሚያፈዝ ክፉ አለ። እሱ ያለባቸው ቦታዎች ላይ ጥቁርና ነጭ ብርሃን በፍጥነት ይብለጨለጫል፣ ደግሞ ቶሎ አያልፍም። ፊልሙ በወጣ ሰሞን ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ማስጠንቀቂያ እስከመለጠፍ ደርሰዋል። ይህ ዝም ብሎ ስጋት አይደለም። በ1997 ጃፓን ውስጥ አንድ የፖኬሞን ክፍል ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ አሳይቶ ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሆስፒታል ገብተዋል። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ምንም ታይቶባቸው አያውቅም።

ልጅሽ እንዲህ ያለ ችግር ከሌለበት አትፍሪ፣ ግን መብራት አጥፍታችሁ አትዩ፣ ስክሪኑ አፍንጫው ሥር አይሁን። ብልጭታው ሲጀምር ፊቱን ማዞር ወይም አንዱን ዓይን በመዳፍ ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይረዳል። ሁለቱን ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ግን አይበቃም፤ ብርሃን በዓይን ቆብ ውስጥ ያልፋል።

ስለ ትንሿም ካነሳን፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ እናትየው ራሷ ፈዛ ባሏን ትመታለች። አባ ሪሞት «የሚለወጥበት» ያለው በትክክል ይሄ ነው። ለሷ እሱን በጭራሽ።

እናት በሥራ ላይ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። አውሮፕላኑ ጋ ስደርስ እኔው ሆዴ ተገለባበጠ።

አባ ሪሞት፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ ትንሿ ከክፍሉ አልወጣ ካለች አውሮፕላኑን ባሳልፈውስ? ሁለተኛ፣ ወንዱ ስለዚያ ከፎቅ ስለዘለለው ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበለው? ካርቱን ከፍቼ ስለ እሱ አወራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባ ሪሞት፦

ማሳለፉ አያዋጣም። አውሮፕላኑን ብትዘይው ቀጥሎ የምታየው ልጆቹን ባሕር ላይ፣ አባታቸውን ታስሮ ነው፤ ምን እንደደረሰ ሳታውቅ በራሷ የባሰ ትሞላዋለች። ልታሳዪያት ከተገደድሽ ቀድመሽ ንገሪያት፦ አውሮፕላኑ ይፈነዳል፣ እናትየው ልጆቿን ይዛ ትተርፋለች፣ ሁሉም ወደ ቤት ይመለሳሉ። ልጅ መጨረሻውን ማወቁ አያበሳጨውም፣ ያን ሁሉ ጊዜ «መጣች?» ከማለት ያድናታል። እሷን ጭንሽ ላይ አድርገሻት፣ ድምፁን ቀንሰሽ። «ውሸት ነው፣ ሥዕል ነው» ማለት ለ5 ዓመት ልጅ ብዙም አይሠራም፤ እቅፍ ይሠራል። ግን ብትችይ አባትየውን ከወንዱ ጋር አስቀምጪና አንቺ ከሷ ጋር ሌላ ክፍል ሂጂ። የራሷ የሆነ ነገር ካላት የወንድሟን አትፈልግም። ባልሽ እንዳይተኛ የልጁ ጉዳይ ነው።

ስለ ሰውየው፦ ካልጠየቀሽ አታንሺ። ከጠየቀሽ ግን «ሊበር ፈልጎ ነው» ምናምን ብለሽ አትሸፋፍኚ፤ በ9 ዓመቱ ያውቅብሻል፣ ሌላ ጊዜም አይጠይቅሽም። እኔ ለትልቁ ልጄ ያልኩት፣ ሰውየው በጣም ከፍቶት መኖር አስጠልቶት ነበር፣ ሰው እንደዚያ ሲሰማው ብቻውን መሆን የለበትም፣ ለሚያምነው ሰው መናገር አለበት ነው። «አንተም ለኔ ትነግረኛለህ» አልኩት፣ እሺ አለ፣ ወደ ፊልሙ ተመለሰ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ቦታው ፊልሙ በተጀመረ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሆነ አብሮት የሚያየው ሰው በኋላ እደርሳለሁ ሳይል ከመጀመሪያው ይቀመጥ፤ ባልሽ ከሆነ ደግሞ ይህን መልእክት አስነብቢው።