ሱቅ ውስጥ ያንቀጠቀጠ አምፕ ቤት ሲገባ ለምን ይልፈሰፈሳል?

ጠያቂ (ሳቢያን)፦ ሰላም ነው አቦ። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሄጄ ትንሽዬ አምፕሊፋየር (አምፕ) ገዛሁ፣ ላዩ ላይ 300 ዋት ይላል። ሱቅ ውስጥ በነሱ ስፒከር ሲከፈት ቤዙ ደረት ይመታል። ቤት አምጥቼ ከአባቴ ትላልቅ የእንጨት ስፒከሮች ጋር ሳገናኘው ግን ቤዙ ጠፋ፣ የዘፋኙም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። አሁን በተበላሸው በድሮው አምፕ እንዲህ አልነበሩም። ጀርባቸው ላይ 8 ኦም፣ 90 ዴሲቤል ተጽፏል። ሳሎኑ ሴራሚክ ነው፣ ከሶፋ በቀር ዕቃ የለውም። አምፑን ልመልስ ወይስ ስፒከሮቹን ልቀይር?

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ ዋት አንሶህ ነው አቦ! መልሰህ 600 የሚለውን አምጣ።

የከዚራው ጠጋኝ፦ ኧረ ተው፣ ልጁን ብር አታስጨርሰው። ላዩ ላይ የተጻፈውን እርሱትና አዳፕተሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። 12 ቮልት 5 አምፔር ካለ ተባዝቶ 60 ዋት ነው። 60 የገባለት አምፕ 300 ከየት ያመጣል? እንዲያውም በ12 ቮልት፣ ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ (ኦም ስፒከሩ ከረንትን የሚቋቋምበት ልክ ነው)፣ በአንድ በኩል 10 ዋት ገደማ ቢያወጣ ነው፤ ከዚያ በላይ ስታስጨንቀው ድምፁ ይቆራረሳል፣ የተቆራረሰ ድምፅ ደግሞ ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋን ትንሿን ስፒከር) ያቃጥላል። ግን 10 ዋት ለሳሎን አያንስም። 90 ዴሲቤል ማለት ስፒከሩ በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ ሲለካ ያን ያህል ይጮኻል ማለት ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ቤዝ ጠፍቶ ድምፁ መሃል ላይ አልቀመጥ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽቦ ነው። አምፑን አጥፋና በሁለቱም ስፒከር ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መሆኑን እይ። አንዱ ከተገለበጠ አንደኛው ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፣ ቤዙም እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ጠያቂ፦ የግራው ተገልብጧል! አስተካክዬው ቤዙ መጣ። ግን ቤቱ ያስተጋባል፣ የሱቁ አሁንም የሚሻል መሰለኝ።

ከሐረር፣ ጁገል፦ አብሽር፣ እሱ አምፕም ስፒከርም አይደለም፣ ሳሎንህ ነው። ሴራሚክና ባዶ ግድግዳ ድምፁን መልሰው ይወረውሩታል። ያንኑ ስፒከር እዚህ የሐረሪ ቤት ውስጥ፣ ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ) ላይ ያ ሁሉ ምንጣፍና ትራስ ባለበት ብትከፍተው ቃላቱ ጥርት ብለው ይሰሙሃል። ወፍራም ምንጣፍ አንጥፍ፣ መጋረጃ ስቀል። ስፒከሮቹን ከማዕዘን አውጣቸው፣ ማዕዘን ላይ ቤዙ ያብጣል። ትዊተሩ ስትቀመጥ በጆሮህ ትክክል ይሁን።

የከዚራው ጠጋኝ፦ የሐረሩ ወንድሜ ልክ ነው። ሱቁን በተመለከተ ደግሞ፣ ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሌ «ይሻላል» ይላል፣ ሻጭም ይህን ያውቃል። ከምር ማወዳደር ከፈለግህ የድሮውን አምፕ አስጠግነህ፣ ስልክህ ላይ ዴሲቤል መለኪያ ጭነህ፣ ከመቀመጫህ ሳትነሳ ሁለቱን እኩል ድምፅ ላይ አድርጋቸውና በአንድ ዘፈን ሌላ ሰው እየቀያየረ ያሰማህ፣ አንተ አትይ። እኔ እንደማየው ሳይጨናነቁ የሚሠሩ ደህና አምፖች ልዩነታቸው ያኔ በጣም ይጠባል። የስፒከር ልዩነት ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የአባትህን ስፒከሮች የዉፈራቸው (ቤዝ የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ዙሪያ ስፖንጅ ካልተበላ አትንካቸው፣ ቢበላም ስፖንጁ ብቻ ይቀየራል።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ እሺ የኔንስ? በአንድ አምፕ 4 ስፒከር አስሬ በርጫ ላይ ስንከፍተው እንደ ምድጃ ይግላል። የድሬ ሙቀት ነው አይደል?

የከዚራው ጠጋኝ፦ ሙቀቱም አለበት፣ ግን 4 ስፒከር ማለት በየጎኑ ሁለት ነው፤ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን (ፓራለል) ስታስር ለአምፑ 4 ኦም ይሆንበታል፣ ብዙ ከረንት ይጎትታል። ጀርባውን እይ። ከ8 ኦም በታች አይሆንም ካለ ከየጎኑ አንድ አንድ ስፒከር ዛሬውኑ ንቀል። ደግሞ ከቡፌው ውስጥ አውጣው፣ አየር ያግኝ።