በዋልታ ሜሶስፌር ደመናዎች ላይ ለሚቀርበው የጋራ ምክረ ሐሳብ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ውድ አባላት፣ የሊዳር (ወደ ሰማይ ሌዘር ልኮ የሚመለሰውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ጣቢያችን በሰሜን ኖርዌይ አንዶያ ደሴት የሚገኘው አሎማር እንዲሆን ባለፈው ተስማምተናል። የቀረው በረቂቁ ላይ «የደመናውን ድምቀት ለክተን የውሃውን መጠን እናገኛለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ምን ትላላችሁ?

የሊዳር ክፍል፦
መውጣት አለበት፤ በዚህ አልደራደርም። እነዚህ 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ የበረዶ ቅንጣቶች ሬዲየሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ናኖ ሜትር በታች ነው። ሬዲየሱ እጥፍ ሲሆን የሚበትነው የሌዘር ብርሃን 64 ጊዜ ያድጋል፤ የያዘው በረዶ ግን 8 ጊዜ ብቻ። ጥቂት ትልልቅ ቅንጣቶች ደመናውን ውሃ የሞላው ያስመስሉታል፤ ደቃቆቹን ደግሞ ሊዳሩ አያያቸውም ማለት ይቻላል። በአሎማር በ355፣ በ532 እና በ1064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ስለሚለካ የቅንጣቱን መጠን ከሦስቱ ቀለሞች ጥምርታ እናወጣለን። ያም ሆኖ የቅንጣቶቹን ቅርፅና ስርጭት አስቀድሞ መገመት ግድ ነው። ግምታችንን ሳንደብቅ እንጻፈው።

የሳተላይት መረጃ ክፍል፦
እስማማለሁ። ለውሃው በ2007 በመጠቀችው ኤይም ሳተላይት ላይ የነበረውን ሶፊ የተባለ መሣሪያ መረጃ እንውሰድ። ፀሐይ በምድር ጠርዝ ስትወጣና ስትጠልቅ፣ በረዶው በ3.1 ማይክሮ ሜትር አካባቢ የሚውጠውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ይለካ ነበር። የሚዋጠው ብርሃን የበረዶውን ጠቅላላ ክብደት ስለሚከተል የቅንጣት መጠን ብዙም አያዛባውም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ሶፊ የሚሰጠው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር አማካይ ነው፤ ሊዳሩ ግን የሚያየው ከጣቢያው በላይ ያለውን ጠባብ ዐምድ ብቻ ነው። ደመናው የተቆራረጠ ከሆነ፣ ሁለቱም በትክክል ለክተው ቁጥሮቻቸው ላይገጥሙ ይችላሉ።

አስተባባሪ፦
ታዲያ በምን እናስታርቃቸው?

የሳተላይት መረጃ ክፍል፦
በዚያችው ሳተላይት ላይ የነበረው ሲፕስ ካሜራ ደመናውን ከላይ በአልትራቫዮሌት ያነሣ ነበር። ደመናው መስመሩን የሞላባቸውን ቀናት በምስሉ ለይተን በእነሱ ብቻ እናነጻጽር። ቀናቱ ያንሳሉ፤ ግን ይታመናሉ።

የሊዳር ክፍል፦
ማነሳቸው አያሳስበኝም። ኤይም በ2023 ሥራዋን ስላቆመች፣ ይህ ንጽጽር ለመጪዎቹ የዋልታ በጋ ወራት የሊዳር ልኬት ማረጋገጫ ሆኖ ያገለግለናል።

አስተባባሪ፦
እንግዲያው እንዲህ ይተካ፦ «የቅንጣቱን መጠን ከሦስቱ ቀለሞች፣ የበረዶውን ክብደት ከኢንፍራሬድ ለየብቻ እናወጣለን፤ ሁለቱን የምናነጻጽረው ደመናው ሙሉ በነበረባቸው ቀናት ነው።» ውጤቱ በግራም በካሬ ኪሎ ሜትር ይጻፍ። የሊዳር ክፍል የቅርፅ ግምቱን፣ የሳተላይት ክፍል የቀናቱን ዝርዝር እስከ ዓርብ ላኩልኝ።