ልጄ ከእንግዳ ፊት ትሸሻለች፣ ቲክቶክ ላይ ግን ሁሉን ትዘረግፋለች

ጠያቂ፦
ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ። እንግዳ ሲመጣ ሰላም ብላ እልም ነው። "ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?" ሲሏት እንኳን በግድ ነው የምትመልሰው። ባለፈው የአክስቷ ልጅ የቲክቶክ ቪዲዮዋን አሳየችኝ። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ የትምህርት ቤቱ አርማ ደረቷ ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ ከታክሲ ወርዳ እስከ ቤታችን በር ድረስ እየሄደች የቀረጸችው ነው። ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ፣ የበራችን ቀለም፣ ሁሉም አለ። ከስሩ ደግሞ ከአባቷ ጋር መጣላቷን ጽፋለች። ለእኔ ያልነገረችኝን! ስልኳን ልቀማት ወይስ ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ በፍጹም እንዳትቀሚያት። አስተማሪ ነኝ፤ ስልክ የተቀሙ ልጆች በጓደኛ ስልክ ሌላ አካውንት ሲከፍቱ ነው የማየው። እንግዳው ዓይን ዓይኗን እያየ ነው የሚጠይቃት፣ ስለዚህ ታፍራለች። ስልኩ ፊት ማንም የለም። ለአምስት ጓደኞቿ የምታወራ ነው የሚመስላት። አብራችሁ ቁጭ በሉና "የማያውቅሽ ሰው ከዚህ ቪዲዮ ምን ያውቃል?" በያት። ራሷ ትቁጠር።

መልስ 2፦
እትዬ፣ እኔ 17 ዓመቴ ነው፣ ከልጅዎ ወገን ሆኜ ልናገር። ቤት ውስጥ የነገርነው ነገር ሳይውል ሳያድር ጎረቤት ይደርሳል። እናቴ የፈተና ውጤቴን ቡና ላይ ስታወራው ሰምቻታለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አልነግራትም። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ግን ቤተሰቤን አያውቁም ብዬ ዘና እል ነበር። አንድ ቀን የማላውቀው ሰው ቴሌግራም ላይ "ዛሬ ቀይ ቦርሳ ይዘሽ ነበር" ብሎ ጻፈልኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሌላ መንገድ እየዞርኩ ነበር ቤት የምገባው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ስልኬን እንዳይቀሙኝ ፈርቼ።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። ቲክቶክ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን አካውንት ሲከፈት ጀምሮ ፕራይቬት ያደርገዋል፣ ከ16 በታች ላሉትም የግል መልእክት አይፈቅድም። የእሷ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ወይ ዕድሜዋን ጨምራ ሞልታለች፣ ወይ ራሷ ከፍታዋለች። ቴሌግራም ላይም ስልክ ቁጥሯን ማን እንደሚያይ ሴቲንግ ገብታችሁ እዩ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ትናንት ማታ አብረን አየነው። እኔ አራት ነገር ነበር ያየሁት፣ እሷ ሰባት ቆጠረች። መስኮት ላይ የተሰጣውን የታናሽ ወንድሟን ዩኒፎርም እኔ ልብም አላልኩት። ወዲያው አጠፋችው። ስለ አባቷ ግን ገና አልጠየቅኳትም። መጀመሪያ ቡና ላይ እንደማላወራው ልንገራት።