ዲየኖጀስት የሚባለውን የኢንዶሜትሪዮሲስ ክኒን ከጀመርኩ ወዲህ ደሙ 42 ቀን አልቆመም፤ ልተወው ወይስ ልታገሥ?

የጉለሌዋ፦

ሰላም እህቶቼ። 29 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ፔሬዴ በ13 ዓመቴ ከመጣበት ወር ጀምሮ ያመኛል። ክፍል ውስጥ ወድቄ አውቃለሁ። እናቴ ጤናዳም ታጠጣኝ ነበር፣ አክስቶቼ ደግሞ «ስትወልጂ ይተውሻል» ይሉኛል። ሥራ ከያዝኩ በኋላ በየወሩ የዲክሎፌናክ መርፌ ተወግቼ ነው ቢሮ የምገባው።

ባለፈው ግንቦት በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው፣ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ከግራ ኦቫሪዬ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቸኮሌት ሲስት፣ አሮጌ ደም የቋጠረ እብጠት፣ ወጣ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚለውን ስም የሰማሁት ያኔ ነው፣ ከ16 ዓመት በኋላ። የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጪ የሚበቅልበት በሽታ ነው። ሐኪሜ እንዳይመለስብኝ ብላ ዲየኖጀስት 2 ሚሊ ግራም አዘዘችልኝ። በቀን አንድ፣ ያለ እረፍት። ሐምሌ 5 ጀመርኩ። ከሐምሌ 14 ወዲህ ግን ደሙ አልቆመም። ዛሬ 42ኛ ቀኔ ነው። ብዙ አይደለም፣ ጠብ ጠብ ነው፣ መልኩም ቡና ይመስላል። ግን በየቀኑ ሞዴስ ነው።

ሕመሙ ቀንሷል፣ እሱን አልክድም። የጨነቀኝ ሌላ ነው። ፍልሰታን ሙሉ ያሳለፍኩት ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ቆሜ ነው። በየዓመቱ እቆርብ ነበር። ዘንድሮ የሰፈሬ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ሲገቡ፣ እኔ አጥሩን ተደግፌ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ሰማሁ። ነሐሴ 16 ቀን ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለባሌ እንኳ በደንብ አልነገርኩትም፤ ከተጋባን ገና 2 ዓመታችን ነው። ለጎረቤቴ ብነግራት «ይሄ መድኃኒት መካን ያደርግሻል፣ ጣይው» አለችኝ።

የወሰደችው ሰው ካለች እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ይቆማል? ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ፍራንክፈርት ያለችው፦

እህቴ፣ አጥሩን ተደግፈሽ የቆምሽውን ሳነብ ራሴን አየሁ። እኔ በዚሁ መድኃኒት 71 ቀን ነው የደማሁት። በኩሽናዬ ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደርግ ስለነበር ቁጥሩን አልረሳውም።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ተራው የወሊድ መከላከያ ፒልስ ነበር። የእረፍት ሳምንቱን እየዘለልኩ በተከታታይ እንድውጠው ነው የታዘዘልኝ። ሕመሙን በደንብ ያዘልኝ። ግን ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን መጣ፣ ቀጥሎ ከባድ ራስ ምታት። ሐኪሟ እንደሰማች በዚያው ቀን አስቆመችኝ። እንዲህ ያለ ማይግሬን ያለባት ሴት ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ያለበት ፒልስ ከወሰደች ለስትሮክ ትጋለጣለች አለችኝ። ዲየኖጀስት ኤስትሮጅን የለበትም፣ ወደሱ ያዞረችኝ ለዚህ ነው።

ደሙ በሦስተኛው ወር መሳሳት ጀመረ። በአራተኛው ወር ጭራሽ ቆመ። ፔሬድም ሕመምም ሳላይ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ሆዴን ይዤ ደረጃ ላይ ሳልቀመጥ ማለት ነው። ይሄ ለኔ ምን ያህል እንደሆነ ያመማት ታውቀዋለች።

መድኃኒቱን ግን እንከን የለሽ አድርጌ አልነግርሽም። በሦስተኛው ወር ሆዴን ባር ባር ይለኝ ጀመር። ትራም ውስጥ ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል። የስደቱ ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ወር ቆይቼ ነው ለሐኪሟ የነገርኳት፣ አሁን ሳስበው ቶሎ መናገር ነበረብኝ። ከዚያ በየወሩ እየጠራች ትጠይቀኝ ነበር፣ ቀስ እያለም ለቀቀኝ። አንዳንዷን አይለቃትም፤ ያኔ መቀየር ግድ ነው። አንቺም እንዲህ ካለሽ አትደብቂ።

ጎረቤትሽ ስለ መካንነት ያለችሽን ከልብሽ አውጪው። እኔ ለማርገዝ ብዬ አቁሜው ነበር። ፔሬዴ በአምስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ሕመሙም አብሮ ተመለሰ፤ መድኃኒቱ በሽታውን ያስተኛዋል እንጂ አይነቅለውም። ልጅ ለማግኘት 14 ወር ፈጅቶብኛል። ያዘገየኝ ግን ራሱ በሽታው እንደሆነ ነው የተነገረኝ። አሁን ልጄ 2 ዓመት ሞልቷታል፣ እኔም መድኃኒቴን እንደገና ጀምሬያለሁ። መውለድ ስታስቡ ለሐኪምሽ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ መቼ እንደምታቆሚ አብራችሁ ትወስናላችሁ።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እኔ አፍሬ ዝም ብዬ ነበር። በኋላ ለንስሐ አባቴ በስልክ ነገርኳቸው። ሕመም መሆኑን፣ ከመድኃኒት የመጣ መሆኑን። አልተቆጡኝም። «እኔ እያለሁልሽ ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ እሳቸው ነገሩኝ። ያንቺ አባት ምን እንደሚሉሽ አላውቅም፣ ግን ጠይቂያቸው። እኔን ዝምታው ከደሙ ይበልጥ ነበር የጎዳኝ።

ፋርማሲስት ከሐዋሳ፦

እህት ዓለም፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንዲህ ያለ ደም በዚህ መድኃኒት ላይ የተለመደ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በፍልሰታ ሰዓቱን ቀያይረሽ ነበር? ማዘግየትና መዝለል ራሱ ደም ያመጣል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ነው የሚዋጠው። ከረሳሽ ትዝ እንዳለሽ አንድ ውጪ፣ በማግሥቱ በተለመደው ሰዓት ቀጥዪ። ከዋጥሽ በ3 ወይም 4 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽም እንደገና አንድ ውጪ። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል።

ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? የቲቢው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉልበቱን ይቀንሱታል። ደግሞ ይሄ እንደ ወሊድ መከላከያ የሚታመን አይደለም። ስለዚህ አሁን ማርገዝ ካልፈለጋችሁ ኮንዶም ተጠቀሙ፣ እርግዝና አለመኖሩንም ተመርመሪ።

ሞዴሱ በሰዓት አንድ መሙላት ከጀመረ፣ ካዞረሽ ወይም ልብሽ ከደከመ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሂጂ። 42 ቀን ጠብ ጠብም ቢሆን ደም ነውና ሄሞግሎቢንሽን (ደም ማነስ መኖር አለመኖሩን) ታዪ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ያለችው፦

እኔ ለዚሁ በሽታ በወር አንዴ የሚሰጠውን፣ ኤስትሮጅንን የሚያወርደውን የሉፕሮን መርፌ ስድስት ወር ወስጃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሕመሙ ባሰ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ግን በ34 ዓመቴ እንዳረጠች ሴት ሌሊት በላብ እየተጠመቅኩ እነሣ ነበር። አጥንት ስለሚያሳሳ ከጎኑ በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም ኖረቲንድሮን አሲቴት የሚባል የሆርሞን ክኒን ጨመሩልኝ። በእኔ አስተያየት የጀመርሽውን በደንብ ሳትሞክሪ ወደዚህ አትቸኩዪ።

የጉለሌዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ፋርማሲስቱ፣ ያልከው ልክ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ከቁርስ ጋር ነበር የምውጠው። ፍልሰታ ሲገባ ውሃም ስለማልቀምስ ከቅዳሴ በኋላ አደረግኩት። አንድ ቀን 9 ሰዓት፣ አንድ ቀን ማታ። ሁለት ቀን ደግሞ ጭራሽ ረስቻለሁ። ለሐኪሜ ይሄን አልነገርኳትም ነበር። ዛሬ ደወልኩላት። ከዚህ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት እንዳደርገው ነገረችኝ፤ ያ ሰዓት በጾምም አይነካብኝም። ማክሰኞ ለደም ምርመራ ቀጥራኛለች።

ለባሌም ነገርኩት። የስልኩን አላርም በ3 ሰዓት የሞላው እሱ ነው። የንስሐ አባቴ ጋ እሑድ እሄዳለሁ። የፍራንክፈርቷ እህቴ፣ እኔም ካላንደር ገዝቻለሁ።