ክፍያው ከሽፎ ኮዱ «ተሳክቷል» ይላል፦ የአሲንክ ስህተትን በፈንክሽናል መንገድ እንዴት እንያዝ?

የአንገረብ ልጅ

ጤና ይስጥልን። ጎንደር ፒያሳ ላለ እንግዳ ማረፊያ የክፍል ማስያዣ በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደው) እና በታይፕስክሪፕት (ታይፕ በተጨመረበት ጃቫስክሪፕት) እየሠራን ነው። አራት ደረጃ አለው፦ ቅጹን ማጣራት፣ ክፍት ክፍል መኖሩን ከዳታቤዝ ማየት፣ ክፍያ መቀበል፣ ለእንግዳው ኤስኤምኤስ መላክ። ለጥምቀት ሰው ሲጎርፍ ኔትወርኩም ስለሚጨናነቅ ከጥር በፊት መልክ ልናስይዘው እንፈልጋለን።

በአሲንክ፣ ማለትም ውጤታቸው ቆይቶ በሚመጣ ጥሪዎች ላይ ያስቸገሩን ሦስት ነገሮች ናቸው። የክፍያ ሰርቨሩ 500 (የሰርቨር ስህተት) መልሶ ኮዳችን እንደተከፈለ ቆጥሮ ያልፋል። አንዳንዴ ትራይ-ካች (የተወረወረ ስህተትን የሚይዘው የኮድ ክፍል) ውስጥ ያለው ጥሪ ስህተቱ አምልጦት ፕሮሰሱ ይሞታል። ካቹ ሲይዝ ደግሞ ክፍል ሞልቶ ይሁን መስመር ተቋርጦ መለየት አልቻልንም፤ እንግዳው የሚያየው «ችግር ተፈጥሯል» የሚል ብቻ ነው። ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ፣ ትንንሽ ፈንክሽኖችን እያቀጣጠሉ መሥራቱ፣ ይህን ይፈታዋል ወይ?

ቀሃ ማዶ

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከፈንክሽናል ጋር አይገናኙም፤ እነሱን አስቀድሙ።

ፌች (የኔትወርክ ጥያቄ የሚልከው ፈንክሽን) ፕሮሚሱን፣ ማለትም ቆይቶ ለሚመጣው ውጤት የሚሰጠውን መያዣ፣ ሪጀክት የሚያደርገው (ወደቀ የሚለው) መልስ ሳያገኝ ሲቀር ነው፤ መስመር ሲቋረጥ ወይም አድራሻው ሳይገኝ ሲቀር ማለት ነው። 404ም (አልተገኘም) 500ም ለእሱ በሰላም የደረሰ መልስ ነው። ስለዚህ ቦዲውን (የመልሱን ይዘት) ከማንበባችሁ በፊት የሪስፖንሱን «ኦኬ» መፈተሽ የእናንተ ሥራ ነው።

ካቹን የሚያመልጠው አዌይት (የፕሮሚሱን ውጤት ጠብቅ የሚለው ቃል) የተረሳበት ጥሪ ነው። ትራይ ውስጥ ፕሮሚሱን ያለ አዌይት ሪተርን ብታደርጉት ትራዩ ወዲያው ይዘጋል፤ ስህተቱ ቆይቶ ሲመጣ የሚያገኘው የጠራችሁን ፈንክሽን እንጂ የእናንተን ካች አይደለም። እሱም ካልያዘው፣ ከኖድ 15 ወዲህ ያልተያዘ ሪጀክሽን ፕሮሰሱን ይገድላል። በሊስት ላይ በሚዞረው ፎርኢች ውስጥ አሲንክ ፈንክሽን መስጠትም ያው ነው፤ ፎርኢች የሚመለስለትን ፕሮሚስ አይጠብቅም። ለዚህ ፎር-ኦፍ የሚባለውን ዙር ተጠቀሙ። ኢኤስሊንት (ኮድን የሚፈትሽ መሣሪያ) ላይ የታይፕስክሪፕት-ኢኤስሊንትን «ኖ-ፍሎቲንግ-ፕሮሚስስ» የሚለውን ደንብ አብሩት፤ ብዙውን የተረሳ አዌይት በዓይን ከመፈለግ ያድናችኋል።

ደብረ ብርሃን ሥር

ቀሃ ማዶ ያለው ልክ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ፈንክሽናሉ መንገድ በእውነት ይጠቅማችኋል።

የታይፕስክሪፕት ፈንክሽን ምን እንደሚመልስ በታይፑ ይናገራል፤ ምን እንደሚወረውር ግን አይናገርም። ስትሪክት ሲበራ ካች ውስጥ የምታገኙት «አንኖውን» (ታይፑ ያልታወቀ) የሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው የሚጠበቀውን ውድቀት መወርወር ትቶ መመለስ ነው። ሪዛልት የሚባል ታይፕ ሁለት መልክ ይኑረው፤ አንዱ ዋጋ፣ ሌላው ስህተት ይያዝ። ስህተቱን በስም ለዩት፤ ጃቫስክሪፕት ፊደላችንን ስለሚቀበል በአማርኛ ብትጽፉትም ይሠራል፦

ቅጽ_ጎደለ፣ ክፍል_ሞልቷል፣ ክፍያ_ተከለከለ፣ መስመር_ተቋረጠ፣ ውጤቱ_አልታወቀም

እያንዳንዱ የራሱን መረጃ ይሸከም፤ ክፍል_ሞልቷል ቀኖቹን፣ ክፍያ_ተከለከለ ምክንያቱን። ትራይ-ካች የሚቀረው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው፤ ፌችንና ዳታቤዙን የሚጠሩት ትንንሽ ፈንክሽኖች የተወረወረውን ይዘው ወደ ሪዛልት ይለውጡታል። ከዚያ ወዲያ ያለው «አንድዜን» በሚባለው ይቀጣጠላል፤ አንዱ ደረጃ ከወደቀ ቀጣዮቹ ሳይነኩ ስህተቱ እስከ መጨረሻ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ በስዊች ስሞቹን ዘርዝራችሁ ለእንግዳው የሚገባውን መልእክት ትጽፋላችሁ። ዲፎልቱ (የስዊቹ ቀሪ ቅርንጫፍ) ላይ «ኔቨር»ን፣ ምንም ዋጋ የማይቀበለውን ታይፕ፣ ካስገባችሁ የዘነጋችሁትን ስም ኮምፓይለሩ ራሱ ያሳያችኋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቅጹን ማጣራት በአንድዜን አይደረግም፤ ሰንሰለቱ የመጀመሪያው ስህተት ላይ ስለሚቆም እንግዳው ስልኩን አስተካክሎ ሲልክ ገና ቀኑ ተሳስቷል ይባላል። እዚያ ሁሉንም ፈትሻችሁ ስህተቶቹን በአንድ ሊስት ሰብስቡ። ሌላው፣ የእናንተው ኮድ ጉድለት የሆነውን፣ ለምሳሌ አንዲፋይንድ (ዋጋ ያልተሰጠው) ላይ ፊልድ መጥራትን፣ ወደ ሪዛልት አትለውጡት። ይወርወር፤ ሎግ ላይ ከነስታክ ትሬሱ (ስህተቱ ያለፈባቸው ጥሪዎች ዝርዝር) ይታይ። ሁሉን የሚውጥ ሪዛልት ከባዶ ካች አይሻልም።

የአንገረብ ልጅ

እግዜር ይስጥልን። መስመር_ተቋረጠ ሲመጣ እንደገና እንሞክር? ፕሮሚሱን ለ«ሪትራይ» (ደግሞ ሞካሪ) ፈንክሽን ብንሰጠው ሦስቴ ቢዞርም ያንኑ ስህተት ይመልሳል።

ደብረ ብርሃን ሥር

ፕሮሚስ እጃችሁ ሲገባ ሥራው ቀድሞ ተጀምሯል፤ የወደቀውን ደግሞ አዌይት ማድረግ ያንኑ ውድቀት ከማንበብ አያልፍም። ለሪትራይ መስጠት ያለባችሁ ፕሮሚሱን ሳይሆን ፕሮሚሱን የሚሠራውን ፈንክሽን ነው። ፈንክሽናሎቹ ይህን «ታስክ» ይሉታል፤ እስኪጠራ ድረስ ምንም አይጀምርም። ሦስት ሙከራ፣ በመሃሉ 1 ሰከንድ ከዚያ 2 ሰከንድ፣ በላዩ ትንሽ የዘፈቀደ ቁጥር ጨምሩበት፤ አለዚያ መስመሩ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይንጋጋል።

ክፍያውን ግን በዚህ መልክ አትድገሙት! ጊዜው ካለፈ ገንዘቡ ይቆረጥ አይቆረጥ አታውቁም። ውጤቱ_አልታወቀምን ከመስመር_ተቋረጠ የለየሁት ለዚህ ነው። ከመላካችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ማስያዣ አንድ መለያ ቁጥር ፈጥራችሁ ዳታቤዝ ላይ አስቀምጡ፤ ጊዜው ሲያልፍ መጀመሪያ በዚያ ቁጥር የክፍያውን ሁኔታ ጠይቁ፣ ካልተመዘገበ ብቻ በዚያው ቁጥር ድገሙ።

ቀሃ ማዶ

ኤስኤምኤሱንም ከሰንሰለቱ አውጡት። ክፍያ ገብቶ መልእክት ስላልሄደ ብቻ ማስያዣው «ወደቀ» ሊባል አይገባም። «ይላክ» ብላችሁ ቴብል ላይ መዝግቡ፤ ሌላ ፕሮሰስ በየደቂቃው እያየ ይላከው።

ላይብረሪን በተመለከተ፣ ለአራት ደረጃ ሪዛልትን አዘጋጅቶ የሚሰጠው ኔቨርስሮው በቂ ነው፤ ሪዛልትአሲንክ የሚለው ታይፑ አዌይትንም አንድዜንንም ይቀበላል። ኢፌክት የሚባለው ሌላ ላይብረሪ ብዙ ነገር ይሰጣል፣ ግን ቡድኑ በሙሉ ሊማረው ይገባል። ያለ ላይብረሪም ታይፑንና አንድዜንን ራሳችሁ ብትጽፉት ከ30 መስመር አይበልጥም፤ እኔ በዚህ ብትጀምሩ እመርጣለሁ።