ሂዩማኒን የሬቲና ሴሎቼን አላድን አለኝ፣ የሠራችሁበት ካላችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ለማስተርስ ጥናቴ ኤአርፒኢ-19 በሚባሉት የሬቲና ሴሎች ላይ እየሠራሁ ነው። በእርጅና በሚመጣው የማኩላ (የሬቲና መሃል) በሽታ ቀድመው የሚጎዱት የዚህ ዓይነት ሴሎች ስለሆኑ ነገሩ ከልቤ ያሳስበኛል። ሂዩማኒን 24 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) ነው፤ ከኦክሲዴቲቭ ስትረስ (ኦክስጅን ያዘሉ ጎጂ ኬሚካሎች ሴል ላይ ከሚያደርሱት ጉዳት) እንደሚከላከላቸው ሌሎች አሳይተዋል። እኔ ጋ ግን እሺ አላለም።

ፔፕታይዱን ከአንድ ቀን በፊት እሰጣቸዋለሁ፣ ከዚያ ያንን ጉዳት እንዲያመጣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እጨምራለሁ። አንዳንዴ ያገኙትም ያላገኙትም እኩል ያልቃሉ፣ ክብ ክብ ሆነው ከሳህኑ ተላቀው ይንሳፈፋሉ፤ በሌላ ቀን ደግሞ በዚያው መጠን ምንም ሳይሆኑ ያድራሉ። መሃሉን አጣሁት! ማሳደጊያ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፓይሩቬት የሚባል ንጥረ ነገር ፐርኦክሳይዱን እንደሚበላው አውቃለሁ፣ እዚያው ያለው ሴረምም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ያዳክመዋል፣ ሴሎቹ ሲጠጋጉም ይጠነክራሉ። የትኛው እንደሚያምሰኝ ግን መለየት አቃተኝ።

ቶሎ ወደማይፈርሰው ሌላ ፐርኦክሳይድ፣ ቲቢኤችፒ ወደሚባለው፣ ልቀይር? ወይስ ኤስ14ጂ የሚባለውን ኃይለኛውን ሂዩማኒን ልሞክር? ፔፕታይድ ውድ ነው፣ የቀረኝም ትንሽ ነው። ሴረሙን መቼ እንደምታነሱና ስንት ሴል እንደምትዘሩ ብትነግሩኝ እንኳ ትልቅ ነገር ነው፣ እባካችሁ።