«ኩኩሩኩኩ ፓሎማ»፦ ርግቧ ማን ናት?

ጠያቂ፦

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ «ኩኩሩኩኩ ፓሎማ» የተባለውን፣ ራንቼራ በሚሉት የሜክሲኮ የገጠር ስልት የተሠራ ዘፈን ብዙዎቻችሁ በሆነ ፊልም ውስጥ ሳትሰሙት አትቀሩም። «ፓሎማ» ርግብ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም «ኩኩሩኩኩ» ለእኔ ጆሮ የአውራ ዶሮ ጩኸት ነው፤ ርግብ እንዴት እንደ ዶሮ ትጮኻለች? ደግሞስ ዘፋኙ ርግብ እያለ የሚጠራት ፍቅረኛውን ነው ወይስ እውነተኛዋን ወፍ?

መላሽ፦

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እርሱ ከተፈታ የመጀመሪያው ብዙም አያስቸግርም።

በመኃልየ መኃልይ «ርግቤ፥ መደምደሚያዬ፥ ክፈቺልኝ» የሚለውን ስንሰማ ስላደግን፣ ርግብ የሚል የፍቅር ዘፈን ሲመጣ ርግቧን ወዲያውኑ ከምትወደደው ሴት ጋር እናዛምዳለን። የዚህ ዘፈን ታሪክ ግን ወዲያ ነው። አንድ ሰው ነበር አሉ፤ የሚወዳት ሴት ብትለየው ሌሊቱን በለቅሶ እያነጋ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሥራው መጠጣት ብቻ ሆነ፤ ለቅሶውን የሰማ ሰማይ እንኳ ተንቀጠቀጠ፤ ነፍሱ ስትወጣም እርሷን እየጠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲት ያዘነች ርግብ በማለዳ ወደዚያች ወና ጎጆ እየመጣች ትዘምራለች፣ ሰዎቹም ርግቧ የእርሱ ነፍስ እንጂ ሌላ አይደለችም፣ ያቺን ዕድለ ቢስ ሴት እስክትመለስ ትጠብቃለች ብለው ይምላሉ። እንግዲህ ርግቧ የሄደችው ሴት ሳትሆን የሟቹ ነፍስ ናት። በስፓኒሽ ርግብም ነፍስም በሰዋስው አንስታይ ስለሆኑ አንዲቱን በሌላይቱ መተካት ለገጣሚው አላስቸገረውም፤ በአማርኛም ሁለቱንም በአንስታይ ጾታ ስለምንጠራቸው ነገሩ ሳይጎረብጥ ይተረጎማል።

የእርስዎ ጥርጣሬ ግን መሠረት የለሽ አይደለም። የዘፈኑ ደራሲ ቶማስ ሜንዴስ፣ በሜክሲኮ በሳካቴካስ ግዛት በፍሬስኒዮ ከተማ የተወለደው፣ ይህን ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1954 ደረሰው፤ «ፓሎማ ኔግራ»፣ ማለትም «ጥቁር ርግብ» የተባለውም የእርሱ ድርሰት ነው፤ በዚያኛው ዘፈን ርግብ የተባለችው ሌሊቱን በጭፈራ የምታሳልፈው ተወዳጇ ሴት ራሷ ናት። የአንድ ሰው ሁለት ርግቦች ፍጹም የተለያየ ነገር ተሸክመዋል፤ ስለዚህ አንዱን ዘፈን በሌላው መፍታት አይገባም።

አሁን ወደ ቃላቱ። ታሪኩ የሚጀምረው «ዲሴን» በሚል ቃል ነው፤ «ይላሉ» ወይም በእኛ አነጋገር ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ላይ የምናስቀምጣት «አሉ» ናት። ቀጥሎ ግን «ሁራን»፣ ማለትም «ይምላሉ» ይመጣል። አሉባልታ የነበረው ነገር ወደ መሐላ ከፍ ይላል፤ እኔ ከግጥሙ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። «ቶማር» የሚለው ግስ በቁሙ መውሰድ ነው፤ በሜክሲኮ ግን ምን እንደሚወሰድ ካልተነገረ አልኮል መጠጣት ማለት ይሆናል። እኛም «እገሌ ይጠጣል» ስንል ውኃ ነው የሚል የለም።

ጎጆዋ «ካሲታ»፣ በሮቿም «ፑዌርቲታስ» ተብለዋል፤ ሁለቱም ማሳነሻና ማቆላመጫ ናቸው። አማርኛ ይህን በተለየ ቅጥያ ባይሠራውም በአንስታይ ጾታ ይሠራዋል፦ «ያ ቤት» እና «ያቺ ቤት» ስንል ሁለተኛዋ ትንሽ፣ ደግሞም አንጀት የምትበላ ትሆናለች። በሮቹ የተከፈቱበት ሁኔታም «ወለል ብለው» ከማለት የተሻለ አቻ አላገኘሁለትም። ሰው የሌለባት ጎጆ በሯ ወለል ብሎ ተከፍቶ ስትታይ የሚሰማውን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ሌላ አባል፦

ስለ ትንታኔው እያመሰገንኩ አንድ ነገር ልጨምር። በዝማሬው መካከል ደጋግሞ የሚመጣው «አይ አይ አይ» የዘፋኙ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ግጥሙን ሳየው ግን ከእያንዳንዱ «አይ» ቀጥሎ «ይዘፍን ነበር»፣ «ያቃስት ነበር» የሚል ይከተላል፤ ስለዚህ ድምፁ የሰውየው ነው ማለት ነው። ይህ ከሆነ «ዋይ ዋይ» ብሎ መተርጎም አይሻልም? ከቅጂዎቹስ የትኛውን ይመክራሉ?

መላሽ፦

ትክክል ብለዋል፤ «ዋይ ዋይ» እቀበላለሁ። የዘፈኑ አሠራርም ያለው እዚያው ነው፦ መጀመሪያ የሰውየው «ዋይታ» ይመጣል፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ደግሞ በቦታው የርግቧ «ኩኩሩኩኩ» ይተካል። ድምፁ ያው የእርሱ ለቅሶ ነው፤ አፉ ብቻ ተለወጠ። ጠያቂያችን ዶሮ የመሰላቸው እኛ «ኩኩሉ» የምንለው አውራ ዶሮን ስለሆነ ነው፤ ለስፓኒሽ ተናጋሪ ግን ዶሮ «ኪኪሪኪ» ይላል፣ «ኩኩ» የሚለው ወፍራም ድምፅ ለርግብ የተተወ ነው።

ቅጂዎቹን የምለየውም በዚሁ ለቅሶ አያያዛቸው ነው። ፔድሮ ኢንፋንቴ እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣው «ኤስኩዌላ ዴ ቫጋቡንዶስ» ፊልም ውስጥ ለስለስ አድርጎ ዘፍኖታል። ዘፈኑን የራሷ ያደረገችው ግን የሜክሲኮዋ ሲናሎአ ግዛት ተወላጅ ሎላ ቤልትራን ናት፤ ማሪያቺ የሚሉት የሜክሲኮ ሙዚቀኞች ቡድን ከኋላዋ እያጀባት ድምፁን እስኪበቃት ድረስ ትይዘዋለች፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ በዘፈኑ ስም በተሰየመ ፊልም ላይ ተውናለች። ሚጌል አሴቬስ ሜሂያ በበኩሉ ድምፁን ከደረት ወደ ቀጭኑ የራስ ድምፅ ድንገት ይሰብረዋል፤ ይህ ስብራት የዋፓንጎ ስልት መለያ ነው፣ ዘፈኑም በምቱ ዋፓንጎ ነው። ራንቼራ ከ«ራንቾ»፣ ከገጠር እርሻ የመጣ ሰፊ ስም ሲሆን፣ ዋፓንጎ ደግሞ በናዋትል ቋንቋ ከእንጨት መድረክ ጋር የሚያያዝ፣ የጭፈራውን ወለል የሚያስታውስ ቃል ነው። ከሜክሲኮ ውጭ ሃሪ ቤላፎንቴ እ.ኤ.አ. በ1959 በካርኔጊ አዳራሽ፣ ጆን ባኤዝ ደግሞ በ1974 አልበሟ ዘፍነውታል።

ብራዚላዊው ካኤታኖ ቬሎዞ ከሁሉም ይለያል። ማሪያቺውን አስወግዶ፣ ጩኸቱን ሁሉ ወደ ሹክሹክታ አውርዶ ይዘፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የፔድሮ አልሞዶቫር «አብሌ ኮን ኤያ» ፊልም ውስጥ በሌሊት ግብዣ ላይ ራሱ ተቀምጦ ሲዘፍን፣ ዣኬስ ሞሬሌንባውም በቼሎ ያጅበዋል፤ ከአድማጮቹ አንዱ እንባውን መያዝ ያቅተዋል። ይኸው የቬሎዞ አዘፋፈን ቀደም ሲል በዎንግ ካር ዋይ የ1997 ፊልም በኢጓሱ ፏፏቴ ላይ፣ በኋላም በ2016 በባሪ ጄንኪንስ «ሙንላይት» ውስጥ ተሰምቷል። ብዙ ወጣቶች ዘፈኑን የሚያውቁት በዚህ በኩል ስለሆነ ራንቼራ መሆኑን ሲሰሙ ይገረማሉ። አልፈርድባቸውም፤ ሆኖም ቬሎዞን ብቻ የሰማ ሰው ሰማዩን ያንቀጠቀጠውን ለቅሶ አልሰማም እላለሁ፤ የእኔ ምክር ቤልትራንን ማስቀደም ነው።

ጠያቂ፦

አመሰግናለሁ። እንግዲያው ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኩኩሩኩኩ» እንዳለ ይቀመጥ ይላሉ? «ዋኖስ» የሚለውስ ስም ለሐዘንተኛ ወፍ የበለጠ አይስማማም?

መላሽ፦

«ዋኖስ» ያማረ ቃል ነው፤ ነገር ግን በመጽሐፍ ቅዱሳችን ዋኖስና ርግብ እንደ ሁለት ወፎች ተለይተው ስለሚጠቀሱ፣ ስፓኒሹም ለዋኖስ «ቶርቶላ» የሚል የራሱ ቃል ስላለው «ርግብ» ይቆይ። «ኩኩሩኩኩ» ግን አይነካ፤ ዶሮ የመሰለው አንባቢ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይታረማል።